ሦስተኛው ወንበር ላይ ያለው ማን ነው?

(ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ሙዚቃ ወዳጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ። የተጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። በቅዳሜ ምሽት፣ ያውም ኳስ እያለ፣ ስለ ቢግ ባንድ ጃዝ፣ ማለትም ብዙ ነፊዎች ያሉበት ትልቅ ባንድ ስለሚጫወተው ጃዝ፣ ልስማ ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው ፍቅሩ ቀድሞ የያዘው ነው። ስለዚህ ጃዝ ጥሩ ነገር ነው እያልኩ ጊዜያችሁን አልፈጅም። የማወራው ስለ አድናቂዎቹ ነው። ማለትም ስለ እናንተ፣ ስለ እኔና ከእኛ በጣም ስለባሱት።

ቢግ ባንድ አሜሪካን ቀጥ አድርጎ የገዛበት ዘመን በጣም አጭር ነው። ከ1935 አካባቢ እስከ 1946 ቢባል ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ ሁሉ የደረሰው ከግብዣው በኋላ ነው። ይሁንና ዛሬም ኒውዮርክ ውስጥ በየዓመቱ ኤፕሪል 29 ቀን ደብሊው ኬ ሲ አር የተባለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ፒያኖ ተጫዋቹንና የባንድ መሪውን ዱክ ኤሊንግተንን ብቻ ያሰማል፤ ልደቱ ስለሆነ። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዱክ ድርሰቶች እየተወዳደሩ ነው። ምክንያቱን ስትጠይቁ ብዙ ሰው «ትዝታ ነው» ይላችኋል። እኔ አልስማማም። አያቱ እንኳ ያልጨፈሩበትን ሙዚቃ የሚያጠና የ17 ዓመት ልጅ ትዝታውን ከየት አመጣው?

የእኔ ግምት ይህ ነው፦ የቢግ ባንድ አድናቂ የሚወደው ወንበሮቹን ነው። በባንዱ ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። ትራምፔቶቹ ሦስት ከሆኑ ሦስቱንም በስም ያውቃል። አንዱ ለቆ ሌላ ሲተካ ሸክላው ላይ ባይጻፍም ይሰማዋል። ፊት ለፊት የቆመውን ዘፋኝ መውደድ ቀላል ነው፤ የኋላውን ሰው መውደድ ግን ሥራ ይጠይቃል፣ ሥራ የተሠራበት ፍቅር ደግሞ ቶሎ አይበርድም።

ለዚህ ከዱክ ኤሊንግተን የተሻለ ምሳሌ የለኝም፣ ለእኛ ደግሞ የሰፈር ልጅ ነው። ብዙዎቻችን መኪና ማቆሚያ ፍለጋ የምንዞርበት ዩ ስትሪት አካባቢ ነው ያደገው፤ ከእነዚህ የእንጀራ ቤቶች ጥቂት እልፍ ብሎ በ13ኛው ስትሪት። ቲ ስትሪት ላይ ያለው ሃዋርድ ቲያትር ያኔም ነበረ። ልጁ ኤሊንግተን አጠገቡ ካለ የፑል ቤት እየተሸሸገ ፒያኖ ተጫዋቾችን ያዳምጥ ነበር።

ዱክ ሲጽፍ ለመሣሪያ አልነበረም የሚጽፈው፤ ለሰው ነው። ወረቀቶቹ ዛሬ እዚሁ ከተማ ስሚዝሶኒያን ተቋም ውስጥ ይገኛሉ፤ በ1988 ነው የገቡት። ከኖታዎቹ ብዙዎቹ ላይ «አንደኛ ትራምፔት»፣ «ሁለተኛ ትሮምቦን» የሚል የለም። የተጫዋቹ ስም ወይም ቅጽል ስሙ ነው ያለው። ኩቲ። ትሪኪ። ሳክስፎን ነፊው ጆኒ ሆጅስ የሚነፋው ሆጅስ እንዲነፋው ተብሎ ነው የተጻፈው። ጆ ናንተን፣ ቅጽሉ ትሪኪ ሳም፣ የቧንቧ ሠራተኞች የታፈነ መስመር የሚከፍቱበትን ላስቲክ በትሮምቦኑ አፍ ላይ እየከፈተና እየዘጋ መሣሪያውን እንደ ሰው ያናግረው ነበር። አድናቂዎቹ እሱን ለመለየት ሁለት ኖታ ይበቃቸዋል፤ በአንድ ጉርሻ ብቻ ይህ የማን እጅ ወጥ እንደሆነ የሚያውቁ እናቶች እንዳሉ ማለት ነው።

ኩቲ ዊሊያምስ በ1940 ከዱክ ባንድ ወጥቶ ወደ ቤኒ ጉድማን ሲሄድ ጉዳዩ የሕዝብ ወሬ ሆነ። ሬይመንድ ስኮት የተባለ ሌላ የባንድ መሪ ስለ ኩቲ መሄድ ዜማ ጽፎ ሸክላ አሳተመ። አስቡት፣ የሄደው ዘፋኝ አይደለም፣ የባንዱ መሪም አይደለም። አንድ ትራምፔት ነፊ ነው።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ታገሱኝ።

ኖቬምበር 7 ቀን 1940፣ ፋርጎ፣ ሰሜን ዳኮታ። ካርታ ላይ ስታዩት ከካናዳ ድንበር የማይርቅ፣ ቅዝቃዜው አጥንት የሚሰብር አገር ነው። የዱክ ባንድ አሥራ አምስት ሰው ሆኖ ክሪስታል ቦልሩም በሚባል የጭፈራ አዳራሽ ሊጫወት መጥቷል። ከታላቁ የኒውዮርክ ኮንሰርት አዳራሽ ከካርኔጊ ሆል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ሰዉ ከፍሎ ገብቶ የሚጨፍርበት ተራ ምሽት ነው። ኩቲ ከሄደ ጥቂት ቀን ነው፤ በቦታው የገባው ሬይ ናንስ ገና ወንበሩን አላሞቀም። ቤዝ የያዘው ጂሚ ብላንተን ነው፤ ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በሳንባ ነቀርሳ ይሞታል። ቴነር ሳክስፎን ላይ ቤን ዌብስተር ባንዱን ከተቀላቀለ ዓመት አልሞላውም። ይህን ስብስብ ጃዝ አዋቂዎች ከዱክ ባንዶች ሁሉ የላቀ ነው ይሉታል፤ በዚያ ምሽት ግን ማንም ይህን አያውቅም።

ጃክ ታወርስና ዲክ በሪስ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ከደቡብ ዳኮታ ድረስ መሣሪያ ተሸክመው መጡ። ሥራቸው ከሬዲዮ ጋር የተያያዘ ስለነበር ተንቀሳቃሽ የሸክላ መቅረጫ ነበራቸው። ቴፕ ገና የለም። ቀረጻው የሚካሄደው በቀጥታ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ መርፌ እየቆረጠ ነው። አስቀድመው ከወኪሉ ድርጅት ፈቃድ ጠይቀዋል፤ ዱክም እሺ ብሏቸዋል፤ እነሱም ለራሳቸው ደስታ እንጂ ለሽያጭ እንዳልሆነ ቃል ገብተዋል። ማይክሮፎናቸውን ተከሉ፣ መቅረጫቸውን ከመድረኩ አጠገብ አደረጉ።

የዚያን ሥራ አድካሚነት ልብ በሉ። መርፌው ሲቆርጥ ከዲስኩ ላይ እንደ ጥቁር ክር የተላጠ ነገር ይነሣል፤ መርፌው ላይ እንዳይጠመጠም ሰው ቆሞ መጥረግ አለበት። ዲስኩ ሲሞላ ተነሥቶ ይገለበጣል፤ ባንዱ ደግሞ «ቆይ ዲስክ ቀይሩ» ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ ቀረጻው ላይ መሐል ላይ የሚጀምር፣ ጫፍ ሳይደርስ የሚቆረጥ ዜማ አለ። የሰዉ ወሬና ሳቅም ይሰማል።

(እዚህ ላይ ቤን ዌብስተር በዚያ ምሽት «ስታርደስት»ን የተጫወተበትን ቀረጻ አሰማሁ።)

ይህን ስትሰሙ ፊታችሁን እያየሁ ነበር። ይህ ስቱዲዮ ውስጥ አይገኝም። የዚያን ዘመን ሸክላ በአንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ሶሎ የሚመደበው በሰከንድ ነበር፤ እዚህ ግን ዌብስተር የፈለገውን ያህል ይተነፍሳል። ባንዱ ለጨፋሪ ሲጫወት እንዴት እንደነበር የምናውቀው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ድካም ነው።

ዲስኮቹ ለብዙ ዓመት በአድናቂዎች መካከል ብቻ ሲናፈሱ ቆይተው በ1978 በሕጋዊ መንገድ ታተሙ፤ በ1980 ደግሞ በቢግ ባንድ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አገኙ። ዱክ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጃክ ታወርስ ደግሞ ወደዚህ ወደ ዋሽንግተን መጥቶ በግብርና ሚኒስቴር የሬዲዮ ክፍል ሲሠራ ኖረ፤ በትርፍ ጊዜው የአሮጌ ሸክላዎችን ጫጫታ እያጸዳ የስንቱን ሙዚቃ ነፍስ ዘራበት። ሞተዋል የሚባሉ ዲስኮች ከመላው አገር ወደ እሱ ይላኩ ነበር። በ2010 ነው ያረፈው።

ያልተቀዳው ምን እንደሚሆን ማወቅ የሚፈልግ ካለ የኧርል ሃይንስን ባንድ ይጠይቅ። በ1943 በዚያ አንድ ባንድ ውስጥ በኋላ ዝነኛ የሆኑት ዲዚ ጊለስፒ፣ ቻርሊ ፓርከርና ሣራ ቮን አብረው ነበሩ። በዚያው ጊዜ ግን የአሜሪካ የሙዚቀኞች ማኅበር ከኦገስት 1942 ጀምሮ አባላቱ ለሸክላ ኩባንያዎች እንዳይቀዱ ከልክሎ ነበር፤ ማኅበሩ ለሙዚቀኞቹ ተገቢ ክፍያ እየጠየቀ ነው፣ አልፈርድበትም። ያ ስብስብ ግን አንድ ሸክላ ሳያስቀር ተበተነ። አጠገባቸው መቅረጫ የያዘ አንድ ታወርስ አልነበረም። ቤቦፕ የሚባለው አዲስ የጃዝ ስልት የተጠነሰሰበትን ያን ባንድ ዛሬ የምናውቀው ሰምቼዋለሁ ካለ ሰው አንደበት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው፤ የሚያስደስት አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ ቤንዚንና ጎማ በኩፖን ሆነ፤ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለሚኖር ባንድ ይህ ሞት ነው። በ1944 በጭፈራ ቤቶች ላይ 30 በመቶ የፌዴራል ግብር ተጣለ፤ ቆይቶ ወደ 20 ቢወርድም ባለቤቶቹ የጭፈራውን ወለል በጠረጴዛ ሞሉት። ሰዉም ወደ ዘፋኞቹ አዘነበለ። በ1946 መጨረሻ ሳምንታት ውስጥ ቤኒ ጉድማን፣ ዉዲ ኸርማን፣ ሃሪ ጄምስና ቶሚ ዶርሲ ባንዶቻቸውን በተኑ። ዱክ ግን ከድርሰቶቹ የሚያገኘውን ገንዘብ ለባንዱ ደመወዝ እየከፈለ ቀጠለ። ገበያው ሲታይ ይህ እብደት ነው። እሱ ግን የጻፈውን በነጋታው በእነዚያ ሰዎች ትንፋሽ መስማት ነበር የሚፈልገው።

ከዚያ የኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል መጣ፤ ጁላይ 7 ቀን 1956፣ ሮድ አይላንድ። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አድናቂዎቹን ብቻ እንይ። ዱክ በ1937 የጻፋቸውን ሁለት ክፍሎች የሚያገናኝ ሶሎ ለቴነር ነፊው ለፖል ጎንዛልቬስ ሰጠው። ጎንዛልቬስ ሃያ ሰባት ዙር ነፋ። ሃያ ሰባት! ጥቁር ልብስ የለበሰች አንዲት ሴት ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጨፈር ጀመረች፤ ከዚያ ሕዝቡ እንዳለ ተነሣ። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ከመድረኩ ሥር የነበረው ሰው ነው። ጆ ጆንስ፣ የካውንት ቤሲ የድሮው ድራመር፣ ከተፎካካሪ ባንድ የመጣ ሰው፣ ጋዜጣ ጠቅልሎ የመድረኩን ጠርዝ እየመታ የዱክን ባንድ ሪትም ያቀጣጥል ነበር። ሙዚቀኛም ሲያደንቅ አድናቂ ነው። ዱክ በኋላ «እኔ የተወለድኩት በ1956 ኒውፖርት ላይ ነው» ይል ነበር፤ የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣውም በዚያው ክረምት ነው።

ነገር ግን ጎንዛልቬስ የነፋው በተሳሳተ ማይክሮፎን ነበር። ቀረጻውን የሚያትመው የኮሎምቢያ ኩባንያ ማይክሮፎን እዚያው ቆሞ ሳለ እሱ የነፋው በአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ማይክሮፎን ላይ ነው። ስለዚህ ለ40 ዓመት ያህል የተሸጠው ሸክላ ላይ ያ ታላቅ ሶሎ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር፤ ከቀረውም ብዙው ከሁለት ቀን በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ተሠርቶ ጭብጨባ የተለጠፈበት ነው። አድናቂዎች ግን ጆሯቸው አልተታለለም። የአሜሪካ ድምፅ ቴፕ እዚሁ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ፤ ፊል ሻፕ፣ ያ የደብሊው ኬ ሲ አር ሬዲዮ ሰው፣ ሁለቱን ቀረጻዎች አስማምቶ በ1999 እንደገና እንዲታተም አደረገ። ሻፕ በአንድ የሦስት ደቂቃ ዜማ ላይ አንድ ሰዓት ሊናገር የሚችል ሰው ነበር፤ ከሙዚቃው ይልቅ ወሬው ይበዛል እያሉ የሚያማርሩበትም አልጠፉም። እኔ ከሚያማርሩት ወገን ነኝ፤ ግን ሬዲዮውን አላጠፋም።

እንግዲህ አድናቂን ሳወድስ ነውሩንም ልናገር። ቢል ሳቮሪ የሚባል የድምፅ መሐንዲስ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሬዲዮ ሥርጭቶችን በትልልቅ ዲስኮች ይቀዳ ነበር፤ የካውንት ቤሲ ባንድ ሳክስፎን ነፊው ሌስተር ያንግ ሳለበት፣ ሌላም ብዙ። ከዚያ ዲስኮቹን ቤቱ ከተታቸው። ወሬው ለአሥርት ዓመታት በአዋቂዎች መካከል ሲናፈስ እሱ ግን ለማንም ለማለት በሚቻል መልኩ አላሰማም። በ2004 ሞተ፤ ስብስቡን በ2010 የሃርለሙ ብሔራዊ የጃዝ ሙዚየም ሲረከብ ከዲስኮቹ አንዳንዱ ተሰነጣጥቆ፣ ሻግቶ ነበር። ባይቀዳው ኖሮ ምንም አይኖርም ነበር፤ ይህን ክብር አልነፍገውም። ግን የቀዳውን መቆለፍ ምን የሚሉት ፍቅር ነው? በእኛም ዘንድ ካሴቱን በሣጥን ቆልፎ «አለኝ» ማለት ብቻ የሚወድ ሰው ሞልቷል፤ ስም አልጠራም፣ አንዳንዱ እዚህ ተቀምጧል።

የጨፋሪዎቹ ታሪክ ከዚህ ይቃናል። ሃርለም ውስጥ ሳቮይ የሚባል ዝነኛ የጭፈራ አዳራሽ ነበር፤ በ1926 ተከፍቶ በ1958 ተዘጋ። የሳቮይ ታላቁ ጨፋሪ ፍራንኪ ማኒንግ ዘመኑ ሲያልፍ ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ሦስት አሥርት ዓመት ያህል ሠራ። የሥራ ባልደረቦቹ ማን እንደሆነ ስለማወቃቸው እጠራጠራለሁ። በ1980ዎቹ ግን ከካሊፎርኒያና ከስዊድን ወጣቶች አፈላልገው አገኙት። ስዊድኖቹ ሄረንግ በምትባል ትንሽ መንደር በየክረምቱ ሊንዲ ሆፕ የሚባለው የሳቮይ ጭፈራ ማሠልጠኛ ይከፍታሉ፤ እሱንም ወሰዱት። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ በሰባዎቹ ዕድሜው ዓለምን እየዞረ ማስተማር ጀመረ፤ በ2009 ሲሞት 95 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ነበር የቀረው። ጨፋሪ ሲበዛ ባንድ ያስፈልጋል፤ ስንቱ የአሁን ዘመን ወጣት ባንድ እንጀራውን የሚበላው ለእነዚህ ጨፋሪዎች እየተጫወተ ነው።

ኒውዮርክ የሚሄድ ሰው ካለ ሰኞን እዚያ ያሳልፍ። ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባለው ምድር ቤት 123 ሰው ብቻ ይይዛል። ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 1966 ጀምሮ ሰኞ ሰኞ አንድ ቢግ ባንድ ይጫወትበታል። የጀመሩት ታድ ጆንስና ሜል ሉዊስ ናቸው፤ ሰኞ የተመረጠው ተጫዋቾቹ በስቱዲዮና በቲያትር ተቀጥረው ስለሚሠሩ ከሥራ ነጻ የሚሆኑበት ምሽት በመሆኑ ነው። ታድ ጆንስ ወደ ዴንማርክ ሄደ፣ ሜል ሉዊስ በ1990 ሞተ፣ ወንበሮቹ አንድ በአንድ ሰው ቀየሩ፤ ሰኞ ግን ሰኞ ነው። እዚያ የሚመጡት ቋሚዎች አዲስ ሰው ሲቀመጥ ማንን እንደተካ፣ እሱም ማንን ተክቶ እንደነበር ይቆጥሩላችኋል።

ስለ ወንበር ካነሣን ሁለት ሰው ሳልጠራ አላልፍም። ፍሬዲ ግሪን በካውንት ቤሲ ባንድ ከ1937 እስከ ሞተበት 1987 ድረስ ጊታር መታ፤ ሃምሳ ዓመት። ሶሎ አይጫወትም ማለት ይቻላል። በየምቱ አንድ ጊዜ ጊታሩን ጠረግ ያደርጋል፣ በቃ። ብዙ ጊዜ ለብቻው አይሰማም፤ የሌለበትን ቅጂ ስታዳምጡ ግን አንድ ነገር እንደጎደለ ታውቃላችሁ። ሁለተኛው ሃሪ ካርኒ ነው፣ የዱክ ባሪቶን ሳክስፎን። በ1927 በ17 ዓመቱ ገብቶ እስከ መጨረሻው ቀረ፤ በጉዞ ላይ ዱክን በራሱ መኪና የሚያንሸራሽረውም እሱ ነበር። ዱክ በሜይ 1974 ሞተ፣ ካርኒ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ተከተለው።

ካርኒ ገና በባንዱ ውስጥ እያለ ነው ዱክ አዲስ አበባን የረገጠው፤ ኖቬምበር 1973፣ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በተዘጋጀ ጉዞ። ዱክ በሽታው ጠንቶበታል፤ ለመሞት ስድስት ወር ነው የቀረው። ጃንሆይ ሜዳይ ሸለሙት። ሙላቱ አስታጥቄ አብሮት ዋለ፣ ለባንዱም ሙዚቃ አቀናበረለት። ሁለቱ አብረው የተነሡትን ፎቶ ያላያችሁ የላችሁም። አዲስ አበባ ያኔ ዱክን የተቀበለችው እንደ ባዕድ ሙዚቃ አልነበረም፤ የነሐስ መሣሪያ ድምፅ ያደገችበት ነው። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆች፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከዚያ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር፣ ከዚያ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ። ጌታቸው መኩሪያ በቴነር ሳክስፎን ሲሸልል የሰማ ሰው ትንፋሽ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም።

የእነዚህን ሥራ ከኢትዮጲክስ ሲዲዎች የሰሙ የቦስተን ሙዚቀኞች፣ አይዘር ኦርኬስትራ የሚባሉት አሥር የሚሆኑ ሰዎች፣ ፍቅራቸው አላስቀምጥ ብሏቸው በጃንዋሪ 2004 አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ከሙላቱና ከጌታቸው ጋር ተጫወቱ፤ ቀረጻውም የዚያው ተከታታይ 20ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ። ፈረንጅ አድናቂ የእኛን ወንበር ሲቆጥር እኛስ?

እውነቱን እንነጋገር። የጥላሁንን፣ የብዙነሽን፣ የማሕሙድን ድምፅ በእንቅልፋችን እንለያለን። ከኋላቸው ያለውን የክብር ዘበኛ ሁለተኛ ትራምፔት ግን ማን ነው የሚነፋው? አቀናባሪው ሣህሌ ደጋጎ መሆኑን የምናውቅ አለን፤ ከዚያ ወዲያ ጸጥ ነው። የሸክላዎቹ ወረቀት ላይ የዘፋኙና የባንዱ ስም አለ፤ የነፊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የለም። በእነዚያ ባንዶች ውስጥ የነፉ፣ ወይም አባታቸውና አጎታቸው የነፉ ሰዎች ደግሞ እዚሁ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አሉ። ምናልባት ከእናንተ አጠገብ ተቀምጠዋል።

ስለዚህ ጥያቄና መልሱ እንዳለቀ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ጎራ በሉልኝ። አሥራ ሁለት ዜማ የያዘ ዝርዝር አለ፣ ማዳመጫም አለ፤ ሰምታችሁ የምታውቁትን ተጫዋች ከመሣሪያው ጎን ጻፉ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን «ይመስለኛል» ብላችሁ ጻፉ። ሁለት ሰው ከተለያየ ሁለቱንም እንመዘግባለን፣ እዚያው እንዳትጣሉ ብቻ። የአባቱን ስም ለረሳችሁት ቅጽሉም ይበቃል፤ ትሪኪ ሳምንም የምናውቀው በቅጽሉ ነው።